«እንለያያለን» ስንል፦ ሰላምን፣ ብዝኀነትንና አዘኔታን የሚያስተምሩ የሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች

ለሕፃናት የሚዘጋጅ የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ32 ገጽ አይበልጥም፤ በየገጹ የሚሰፍረው ጽሑፍም ከአንድ ወይም ከሁለት ዓረፍተ ነገር እምብዛም አያልፍም። ምናልባትም በዚህ አጭርነቱ የተነሣ እኛ የሥነ ልሳን ሰዎች ጉዳዩን ለመምህራን፣ ለሠዓልያንና ለግብረ ሠናይ ድርጅቶች ትተነዋል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ባጠረ መጠን እያንዳንዱ ቃልና እያንዳንዱ ቅጥያ የሚሸከመው ጭነት ይከብዳል። በረጅም ልቦለድ ውስጥ አንድ ያልሰመረ ግስ በብዙ ሺህ ቃላት መካከል ተደብቆ ያልፋል፤ በሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ግን ገጹን ብቻውን ይዞ ይቀመጣል። ሕፃኑም ያንኑ ገጽ ደግሞ ደጋግሞ እንዲያነቡለት ይጠይቃል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ሰላም፣ ስለ ብዝኀነትና የሌላውን ስሜት ስለ መጋራት የሚያስተምሩ የሥዕል መጻሕፍትን ከቋንቋ አንጻር እመለከታለሁ። የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። በዚህ አካባቢ ቋንቋዎች ይህን መሰሉ ትምህርት በዋናነት የሚተላለፈው በረቂቅ ስሞች ሳይሆን በግሱ ውስጥ ነው፦ ማን ባለቤት ማን ተሳቢ እንደ ሆነ፣ ድርጊቱ ከአንድ ወገን ይሁን ከሁለቱም፣ አንባቢው በየትኛው መደብና ጾታ እንደ ተጠራ በሚወስኑት ትንንሽ ምዕላዶች ውስጥ። ከእንግሊዝኛ የሚመለስ መጽሐፍ ስሞቹን በጥንቃቄ ተርጉሞ ግሱን ለአጋጣሚ ከተወ ትምህርቱ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገለበጣል።

በምሳሌነት የማቀርባቸው ዓረፍተ ነገሮች ከታተመ መጽሐፍ የተወሰዱ አይደሉም፤ ነጥቡን ለማሳየት እኔው ያዋቀርኋቸው ናቸው። የኦሮምኛን፣ የሶማልኛን፣ የስዋሂሊንና የኪንያሩዋንዳን ቃላት በፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ስለዚህ የአናባቢ ርዝመትና የተነባቢ ጥብቀት በጽሑፉ ላይ አይታይም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከበሬው እስከ ጥንቸሉ

የሥዕል መጽሐፍን የሰላም ማስተማሪያ የማድረግ ሐሳብ በተደራጀ መልክ ጎልቶ የወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። ዬላ ሌፕማን የተባሉት ጀርመናዊት አይሁዳዊት ጋዜጠኛ በናዚዎች ዘመን ወደ እንግሊዝ ተሰደው ነበር፤ በ1945 በአሜሪካ ጦር አማካሪነት ወደ ፈራረሰችው አገራቸው ተመለሱ። በ1946 ከልዩ ልዩ አገሮች የሕፃናት መጻሕፍትን ለምነው ሙኒክ ላይ ዐውደ ርእይ ከፈቱ። መዋጋትን እምቢ ስላለው በሬ ስለ ፈርዲናንድ የሚተርከውን የአሜሪካ መጽሐፍም ራሳቸው ወደ ጀርመንኛ መልሰው በ30,000 ቅጂ በጋዜጣ ወረቀት አሳተሙና ለሕፃናት በነፃ አደሉት። በ1949 ሙኒክ ላይ ዓለም አቀፉን የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ፤ በ1953 ደግሞ የሕፃናት መጻሕፍት ዓለም አቀፍ ቦርድ በዙሪክ ሲመሠረት ዋነኛዋ አንቀሳቃሽ እርሳቸው ነበሩ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ነገር የመጽሐፉ ምርጫ ነው። ፈርዲናንድ ስለ ሰላም ንግግር አያደርግም፤ እንዲዋጋ በተወሰደበት ሜዳ መካከል ዝም ብሎ ይቀመጣል። ትምህርቱ ያለው «ተቀመጠ» በሚለው ግስ ላይ ነው።

ወደ አካባቢያችን ስንመጣ የሩዋንዳ ምሳሌ ቀድሞ ይታወሳል። ከዘር ማጥፋቱ በኋላ በ1995 ኪጋሊ ላይ የተመሠረተው ባካሜ ማተሚያ ለሕፃናት በኪንያሩዋንዳ ማሳተምን ሥራዬ ብሎ ያዘ። ስሙን የወሰደው በአገሩ ተረት ብልጣብልጥ ከሆነው ጥንቸል ነው። ለማንበብ ባህል ባደረገው አስተዋጽኦ በ2008 ከላይ ከጠቀስሁት ዓለም አቀፍ ቦርድ ሽልማት አግኝቷል። በ2014 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የተነሣው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ፕሮጀክት ማንም በነፃ ሊያወርዳቸው፣ ሊተረጉማቸውና ሊለውጣቸው የሚችሉ የሥዕል ታሪኮችን ማሰራጨት ጀመረ፤ ኬንያና ኡጋንዳ ከመጀመሪያዎቹ የሥራ ቦታዎቹ መካከል ነበሩ። በኢትዮጵያ በኩል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትመው ነበር፤ በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን፣ ብዙ ትንንሽ መጻሕፍት ወጥተዋል፤ በአሜሪካ ያሉ ወላጆችም ልጆቻቸው ቋንቋውን እንዳይረሱ ይገዟቸዋል።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የአማርኛው የገጽ ጎረቤት እንግሊዝኛ ነው፤ የኦሮምኛውም እንዲሁ። አማርኛና ኦሮምኛ፣ ወይም ሶማልኛና ኦሮምኛ በአንድ ሥዕል ሥር ተያይዘው የሚገኙበት መጽሐፍ ብርቅ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ልዩነት፣ መለያየት፣ ልዩ ልዩ

የብዝኀነት መጽሐፍ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያርፍበት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ የተለያየን መሆናችን መልካም ነው የሚል። ይህን ለስድስት ዓመት ሕፃን በአማርኛ ለማለት የሚሞክር ሰው ወዲያው ችግር ይገጥመዋል። «ብዝኀነት» ከግእዙ «በዝኀ» የተቀረጸ የመድረክና የጋዜጣ ቃል ነው፤ ሕፃኑ አያውቀውም፤ አንባቢ እናቱም በቤት ውስጥ ተናግራው አታውቅም። «ልዩነት» በአንጻሩ የታወቀ ቃል ነው፤ ነገር ግን በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ጠብን ያመለክታል። ሁለት ወገኖች «ልዩነታቸውን ፈቱ» ሲባል ታረቁ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ «ልዩነታችን ውበታችን ነው» የሚለው መፈክር ለሕፃን ጆሮ ምን ሊል ይችላል?

ግሱ ከስሙ ይብሳል። «እኔና ጓደኛዬ እንለያያለን» የሚል ገጽ እናስብ። ዓረፍተ ነገሩ «አንመሳሰልም» ማለት ይሆናል፤ «ተሰነባብተን ልንሄድ ነው» ማለትም ይሆናል። ባልና ሚስት «ተለያዩ» ከተባለ መልካቸው አልተመሳሰለም ብሎ የሚረዳ ሰው የለም። በሥዕሉ ላይ ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢታዩ፣ ገና ማንበብ የጀመረ ሕፃን የመለያየትን ዜና ከመሳሳቅ ሥዕል ጋር ለማስታረቅ ይገደዳል። ትግርኛም «ተፈላለዩ» ሲል በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ነው። በሶማልኛ «ከለ» የምትለው ቅድመ ግስ በ«ከለ ዱዋን» የማይመሳሰሉትን፣ በ«ከለ ተገን» ደግሞ የተለያዩትን ትገልጻለች። አለመመሳሰልንና መራራቅን ከአንድ ምንጭ መቅዳት በአካባቢው የተለመደ ይመስላል።

መውጫውም እንደዚሁ የጋራ ነው፤ ይህም ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ደስ የሚለኝ ግኝት ነው። አማርኛ «ልዩ»ን ደግሞ «ልዩ ልዩ» ሲል መራራቁ ይጠፋና ብዛትና ዓይነት ይቀራል። ኦሮምኛ «አዳ» ሲል ለብቻ፣ ተነጥሎ ማለቱ ነው፤ «አዳ አዳ» ሲል ግን ዓይነት ዓይነቱን ማለቱ ነው። ስዋሂሊ «ምባሊ» የሚለውን «ሩቅ» ማለት የሆነውን ቃል ደግሞ «ምባሊምባሊ» ይለዋል፤ ትርጉሙ ልዩ ልዩ ነው። ከሦስት የተለያዩ የቋንቋ ነገዶች የመጡ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሦስቱም የመነጠልን ወይም የርቀትን ቃል በመድገም ብቻ ወደ ኅብር ይለውጡታል። ድግግሞሽ ደግሞ ሕፃናት የሚወዱት ነገር ነው። «ልዩ ልዩ መልክ አለን» የሚል ገጽ «እንለያያለን» ከሚለው የሚበልጠው በስሜት ለዛ ብቻ አይደለም፤ በትርጉምም ትክክል ነው።

ከዚህም አልፎ አማርኛ ለኅብረ ቀለም የራሱ ሀብት አለው። የዶሮ ቀለም ብቻ እንኳ ብንወስድ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር እያልን እንቆጥራለን፤ ላሟ ቡራቡሬ፣ ነብሩ ዝንጉርጉር ነው። ለሰው መልክም ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር እንላለን። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ይህን ሁሉ ትቶ የልጅቱን ፊት «ቡናማ» ሲለው የኮት ቀለም ያስመስለዋል። እርግጥ የመልክ ቃሎቻችን ንጹሓን አይደሉም፤ «ቀይ» ማለት ከማመስገን ጋር ስንት ጊዜ አብሮ እንደሚሄድ የምናውቀው ነው። ይህን ግን ደራሲው በሥዕሉና በታሪኩ ሊታገለው ይችላል፤ ባዕድ ቃል በማምጣት አይታገለውም።

ስለ ሥዕል ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የብዝኀነት መጽሐፍ ሲባል እያንዳንዱን ልጅ የብሔረሰቡን የባህል ልብስ አልብሶ ማሰለፍ የተለመደ ሆኗል። እነዚህ ልጆች በእውነተኛው ሕይወት አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ለብሰው በአንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። የልጆቹ ልዩ ልዩነት የሚታየው ምሳቃ ሲከፈት፣ ስም ሲጠራና በዕረፍት ሰዓት በምን ቋንቋ እንደሚሰዳደቡ ሲሰማ ነው።

የሚያሳዝነው ባለቤት ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአማርኛ ብዙ የስሜት ግሶች ስሜቱ የሚሰማውን ሰው ተሳቢ ያደርጉታል፦ ራበኝ፣ በረደኝ፣ ከፋኝ፣ ናፈቀኝ፣ ደከመኝ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥም ተደጋግሞ ተጽፏል። ለእኛ ጉዳይ የሚፈለገው ግን ስሜቱ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ጊዜ የሚሆነው ነው። ልጁ በዝናብ የተመታች ድመት አየ እንበል። አማርኛ «ድመቷ አሳዘነችው» ይላል። ባለቤቷ ድመቷ ናት፤ ልጁ ተሳቢ ነው። የተጎዳችው አድራጊ፣ ተመልካቹ ተደራጊ ሆነ። ከዚህም የበረታ ከተፈለገ «አንጀቱን በላችው» እንላለን። በዚህ አገላለጽ መራራት ጥሩ ልጅ የሆነ ሰው ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጠው ስጦታ አይደለም፤ የተጎዳው ፍጡር በተመልካቹ ላይ የሚያደርሰው ነገር ነው፤ ተመልካቹ ሊያመልጠው አይችልም።

በትርጉም ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ልጁ ለድመቷ ርኅራኄ ተሰማው» ወይም «ልጁ ለድመቷ ርኅራኄ አሳየ» የሚለው ነው። ሰዋስዉ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ድመቷ ከባለቤትነት ወርዳ የመስተዋድድ ተረፈ ምርት ሆነች፤ ልጁም የመልካምነት ባለቤት ሆኖ ገጹን ያዘ። ትምህርቱ «ለሌላው ስሜት ቦታ ስጥ» ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ለልጁ በጎነት ቦታ ሰጠ። እንደ እኔ እምነት በዚህ አካባቢ የሚዘጋጁ የአዘኔታ መጻሕፍት በጣም የሚሰለቹት በዚህ የተነሣ ነው። ሕፃኑ ስለ ድመቷ ሊሰማ ተቀምጦ ስለ አንድ ጨዋ ልጅ ይነገረዋል።

«ተሰማው» ያልሁት ግስ ራሱ ትኩረት ይገባዋል። ከ«ሰማ» የወጣ ነው፤ «ስሜት»ም ከዚያው ሥር ነው። በስዋሂሊም «ኩሲኪያ» መስማት ሲሆን «ናሲኪያ ንጃ» ማለት «ራበኝ» ማለት ነው፤ ቃል በቃል ረኀብን እሰማለሁ። ትግርኛም «ስምዒት» ሲል በዚሁ መንገድ ሄዷል። ራስን በሌላው ሰው ጫማ ውስጥ የማስገባት ምስል ከውጭ የመጣ ነው፤ ሕፃን ይህን ሲሰማ ስለ ጫማ ማሰቡ አይቀርም። በእነዚህ ቋንቋዎች ያለው ምስል የጆሮ ነው። ስለዚህ «ጓደኛዋ ስታለቅስ ምን ሰማች? ምን ተሰማት?» ብሎ ሁለት ገጽ አከታትሎ ማሳየት ምንም ማብራሪያ ሳይጨምር ሥራውን ይሠራል።

ሰላምም እንደዚሁ ከስሙ ይልቅ በአጠቃቀሙ ይታወቃል። «ሰላም ነው?» «ነጋ ቡልቴ?» «መ ነበድ ባ?» እያልን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ሰላምን በጥያቄ መልክ እንለዋወጠዋለን፤ የኪንያሩዋንዳው «አማሆሮ»ም ሰላምታ ነው። የአካባቢው ሕፃን ቃሉን የሚያውቀው ጎረቤት ለጎረቤት ከሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ሰላምን በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሰላም ማለት…» ብሎ ለመበየን የሚነሣ መጽሐፍ ልጁ የያዘውን ነገር ቀምቶ የማያውቀውን ይሰጠዋል።

ተጣሉ ወይስ መታው

በተለምዶ ተደራራጊ የምንለው የግስ አመሠራረት ለሰላም መጽሐፍ የተፈጠረ ይመስላል። ተጣሉ፣ ተኮራረፉ፣ ተነጋገሩ፣ ይቅር ተባባሉ፣ ተቃቀፉ፤ ታሪኩ በአምስት ግስ አለቀ። ዜማው ራሱ ሕፃኑን ይዞት ይሄዳል። ነገር ግን ይህ ውበት አደጋ አለው። ተደራራጊ ግስ ጥፋትን ለሁለት ያካፍላል። ትልቁ ልጅ ትንሹን እየጠበቀ ዳቦውን የሚነጥቀው ከሆነ ነገሩ «ተጣሉ» አይደለም፤ «ነጠቀው» ነው። «ሁለቱ ልጆች በዳቦ ተጣሉ፤ ከዚያም ታረቁ» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ለሰላም ሲል ትንሹን ልጅ በሰዋስው ይበድለዋል። በገጹ ላይ ዳቦውን የተነጠቀው ሕፃን መጽሐፉን ሲያዳምጥ ደራሲው ያልተናገረውን ይረዳል፤ አንተም አጥፍተሃል ተብሏልና።

ጉዳዩ ከትምህርት ቤት ግቢ ያለፈ ነው። ከጅምላ ግድያ ወይም ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ለሕፃናት የሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ ይህን ምርጫ ይጋፈጣል፦ የሆነውን ነገር በአድራጊ ግስ ልንገር ወይስ በተደራራጊ? «ሰዎች ተጋደሉ» እና «ሰዎችን ገደሏቸው» አንድ አይደሉም። ከሁለቱ የቱ እንደሚገባ እንደ ታሪኩ ይወሰናል፤ አንዳንድ ጠብ በእርግጥ የሁለት ወገን ነው። የእኔ ሐሳብ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ የሚል ነው። በደሉ በአድራጊ ግስ ሳይነገር «ታረቁ» የሚለው ቢመጣ እርቁ የሚያነሣው ነገር አይኖረውም። በአገራችን የሽምግልና ሥርዓትም ሽማግሌዎች በመጀመሪያ የሚያደርጉት የበደል ቃል ማስነገር ነው፤ ይቅርታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በአማርኛ ላይ ደግሞ የፊደሉ ጠባይ ሌላ ነገር ይጨምራል። ጥብቀት አይጻፍም። ስለዚህ «ልጁ ይመታል» የሚለው ላልቶ ሲነበብ ልጁ መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ ነው። «ይሰማል»ም እንዲሁ የሚያዳምጠውንና የሚደመጠውን በአንድ አጻጻፍ ይይዛል። ዐዋቂ አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል። ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ግን ዐውዱ ሥዕሉ ብቻ ነው። ሠዓሊው በዚያ ገጽ ላይ ሁለቱንም ልጆች በደመና አቧራ ከሸፈናቸው (ልማዱ ነው) ማን እንደ መታ ከየትም አይገኝም። እንዲህ ያለውን ገጽ ለኦሮምኛ እትም ሲያዘጋጁት በቁቤ ጥብቀቱ ስለሚጻፍና ተደራጊውም የራሱ ቅጥያ ስላለው ችግሩ ይጠፋል። ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን የሚያይ አርታዒ በአማርኛው ላይ ያለውን ብዥታ ለማስተዋል ዕድል አለው፤ አንዱን ብቻ የሚያይ ግን የለውም።

ማን ተብሎ ተጠራ

እንግሊዝኛ አንባቢውን በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራል። አማርኛ «አንተ» ወይስ «አንቺ» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልመረጠም አይቀጥልም። ስለ እኩልነት የሚናገር መጽሐፍ በመጀመሪያው ግሱ ላይ ግማሹን አንባቢ ሲያስወጣ ማየት የማይመች ነገር ነው። ኦሮምኛ «አቲ»፣ ስዋሂሊ «ዌዌ»፣ ሶማልኛ «አዲጋ» ብለው ያልፉታል። አማርኛ ብዙ ቁጥር ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል፤ «እናንተ» ሴትም ወንድም ይይዛል። ይህ መሸሸጊያ ለትግርኛ አይሠራም፤ «ንስኻትኩም»ና «ንስኻትክን» በብዙም ይለያያሉና። ለሁለቱም የሚሠራው አንደኛ መደብ ነው። «ፈራሁ»፣ «አለቀስሁ»፣ «ሄድሁና ጠየቅሁ» የሚል ታሪክ ጾታ የለውም፤ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ጮክ ብለው ሲያነቡት የራሳቸው ይሆናል። ሥዕሉም ፊቱን ዘወር ያደረገ ልጅ ካሳየ ነገሩ ተሟላ።

ከጾታው ይልቅ በአማርኛ የከበደው የአክብሮት መደብ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚገዙ አንድ ሽማግሌ በሰፈሩ እየዞሩ «ቆራሌው!» ሲሉ የሚያሳይ ገጽ እናስብ። የእንግሊዝኛው መነሻ አንድ ተባዕታይ ተውላጠ ስም ብቻ ይሰጠናል። «ቆራሌው መጣ፤ ጆንያውን አወረደ» ማለት ይቻላል፤ «ቆራሌው መጡ፤ ጆንያቸውን አወረዱ» ማለትም ይቻላል። በከተማ ንግግር የመጀመሪያው ይቀልላል፤ ለሥራው እንጂ ለዕድሜው አይታይምና። በሌላ ገጽ ላይ ክራቫት ያሰሩ አያት «መጡ» ከተባሉ፣ እኚህ ሽማግሌ ደግሞ «መጣ» ከተባለ፣ መጽሐፉ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብሎ ቢጽፍ ምን ሊጠቅም? ሕፃኑ የተማረው በየገጹ ካለው የግስ ቅጥያ ነው። ደግሞ በተቃራኒው፣ ታሪኩ በ«መጣ» ጀምሮ ልጅቱ ውኃ ካቀረበችለትና ስሙን ከጠየቀችው በኋላ ወደ «መጡ» ቢዞር፣ ለውጡን በአንድ ፊደል ማሳየት የሚችል ቋንቋ ስላለን ደስ ሊለን ይገባል። ይህን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ የሚከብድ ይሆናል፤ ይክበድ።

በዚሁ አጋጣሚ በስዋሂሊ «ኡቱ» የሚለው፣ ሰው የመሆንን ጠባይ የሚገልጸው ቃል በአማርኛ ቅርጹን ተከትሎ «ሰውነት» ሊባል አይችልም፤ ያ አካል ነው። «ሰብአዊነት»ም የሰነድ ቃል ነው። አማርኛ በዚህ ቦታ የሚጠቀመው «ሰው» የሚለውን ብቻውን ነው፦ «እሷ እኮ ሰው ናት»።

ጅቡ በስንት ስም

ስዋሂሊ እንስሳትን ከስማቸው ምድብ አውጥቶ በስምምነት ከሰው ጋር ይመድባቸዋል፤ «ሲምባ አሜላላ» ሲል አንበሳው እንደ ሰው ተኛ። አማርኛ ተመሳሳዩን ሥራ በዝምድና መጠሪያ ይሠራል፤ አያ ጅቦ፣ እሜቴ ጦጢት። ጅቡ ሆዳምና ሞኝ ነው፤ ቢሆንም «አያ» ነው፤ ከቤተሰቡ አልወጣም። ከውጭ የሚመጡ የሰላም መጻሕፍት ክፉውን እንስሳ በመጨረሻ ደግ ሲያደርጉት ይታያል። የእኛ ተረት ደግ አላደረገውም፤ ግን ዘመድ አድርጎት ያስቀምጠዋል። የትኛው ለአብሮ መኖር የተሻለ ትምህርት እንደሆነ ለመወሰን አልቸገርም፤ ሁለተኛው ነው። ጎረቤት ሁሉ ደግ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ አይቻልም።

ከላይ በእንጥልጥል የተውሁትን የሁለት ቋንቋ ገጽ ጉዳይ በዚሁ እንስሳ ላስረዳ። ሐረር ላይ በግንቡ አጠገብ ማታ ማታ ጅብ ይቀለባል። ይህን ትዕይንት የሚያሳይ አንድ ሥዕል ቢኖር ሐረሪው «ወራባ»፣ ኦሮሞው «ዋራቤሳ»፣ ሶማሌው «ዋራቤ» ይለዋል፤ አማራው «ጅብ»፣ ትግራዋዩ «ዝብኢ» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በግልጽ ይዛመዳሉ፤ የኋለኞቹ ሁለት ደግሞ ከግእዙ «ዝእብ» ጋር ይገናኛሉ። ጎረቤታሞቹ ልጆች አንድ አውሬ እያዩ በተቀራረበ ስም ይጠሩታል፤ ይህን ግን እርስ በርስ አያውቁም። ከ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በኢትዮጵያ ብዙ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ችለዋል፤ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ኦሮምኛ ከ1991 ጀምሮ በቁቤ፣ ሶማልኛም ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ሲጻፉ፣ አማርኛና ትግርኛ በፊደል ስለሚጻፉ፣ አንዱ ልጅ የሌላውን የሰላም መጽሐፍ ርእስ እንኳ ለማንበብ የሚቸገርበት ጊዜ አለ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ጋር ብቻ ሲጣመር ጎረቤታሞቹ የሚገናኙት በባዕድ ገጽ ላይ ይሆናል።

ሁለት የአካባቢ ቋንቋዎችን በአንድ ገጽ ማኖር የሚያስነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ የትኛው ከላይ ይሁን የሚለው ነው፤ ስብሰባ የሚያፈርሰውም እርሱ ነው። ቀላሉ መንገድ በየገጹ ማፈራረቅ ነው፤ በጥንድ ቁጥር ገጾች አንዱ ከላይ፣ በጎዶሎ ቁጥር ገጾች ሌላው። ሁለተኛው ጥያቄ የፊደል መጠን ነው። የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ጋር በአንድ የነጥብ መጠን ሲታተም ቅጥያዎቹ፣ ማለትም ካዕብና ሣልስን የሚለዩት ትንንሽ ቅጥሎች፣ ለሕፃን ዓይን ይጠፋሉ፤ ስለዚህ በዓይን እኩል እንዲታዩ በመጠን አለማመሳሰል ያስፈልጋል። ሦስተኛው የርዝመት ጉዳይ ነው። አማርኛ በአንድ ቃል የሚለውን ስዋሂሊም በአንድ ቃል ሊል ይችላል፤ ኦሮምኛ ግን ረጃጅም አናባቢዎቹን ደርቦ ስለሚጽፍ መስመሩ ይረዝማል፤ ገጽ አቀናባሪው ከሠዓሊው ጋር አስቀድሞ ካልተነጋገረ ጽሑፉ የጅቡን እግር ይሸፍነዋል።